ከጅቡቲ የመጡት ልጆች ቤት ሲማሩ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ "እትዬ፣ እንደምን ነዎት? ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ከተመለስን ሦስት ወራችን ነው። ወንዱ ልጄ 10 ዓመቱ፣ ሴቷ 7 ዓመቷ ነው። እዚያ የሚማሩት በፈረንሳይኛ ነበር። አማርኛ ይናገራሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። አሁን ጥር ስለገባ እስከ መስከረም ቤት ላስተምራቸው ወሰንኩ። ከተሳካልኝ ከዚያም በኋላ ብቀጥል ደስ ይለኛል። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ይበዛል። እናቴ አብራን አለች። ከኢንተርኔት ብዙ ነገር አወረድኩ፣ የ1ኛና የ4ኛ ክፍል መጻሕፍትም አገኘሁ፣ በቀን ስምንት ክፍለ ጊዜ አወጣሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ልቅሶ ቤት ሆነ። ወንዱ 'ደደብ ሆኛለሁ' ይለኛል። የራሴን ሥርዓተ ትምህርት እንዴት ላውጣ?"

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ቀድሞ የመጣብኝ የመጽሐፉ ነገር አይደለም፤ የልጅሽ ነገር ነው። "ደደብ ሆኛለሁ" የሚለው ልጅ እኮ ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣ ልጅ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ጭንቅላቱ አልተቀየረም። የተቀየረው ፊደሉ ነው። ልጆችሽ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ብዙ ነገር ይዘው መጥተዋል፣ የያዙትን የሚጠይቃቸው ሰው ግን አጡ። ዕቅድሽን ከያዙት ጀምሪ።

ስምንቱን ክፍለ ጊዜ ግን ዛሬውኑ ከግድግዳው ላይ አንሺው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በማስተማር፣ ኋላም መምህራንን በማሠልጠን ነው። እንደዚያም ሆኖ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የልጄን ልጅ ቤት ሳስተምር የሠራሁት ያንኑ ነው። ትልቅ ካርቶን ላይ ፕሮግራም ጻፍኩ። አምስተኛው ቀን ላይ ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣም አለችኝ። ያን ዕለት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ክፍለ ጊዜ የሚባለው ነገር የወጣው ለ50 ልጅ ነው። ከአርባው ደቂቃ ላይ ስም ይጠራል፣ ዝም ይባላል፣ ሰሌዳ ይገለበጣል፣ ደብተር ይታረማል። ለአንድ ልጅ የምትደርሰው ጥቂት ደቂቃ ናት። አንቺ ያሉሽ ሁለት ልጆች ናቸው። ለትንሿ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለትልቁ ሁለት ሰዓት ተኩል የእውነት ሥራ ይበቃል። እሱም ቢሆን በአንድ ትንፋሽ አይደለም። ትንሿን 15 ደቂቃ አስቀምጠሽ 10 ደቂቃ ልቀቂያት።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ ልጨርሰው። እኛ አገር እንደ ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የቤት ትምህርትን መዝግቦ የሚከታተል አሠራር አልተዘረጋም። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎችም የሚሰጡት በትምህርት ቤት በኩል ነው። ስለዚህ የጅቡቲውን የውጤት ካርድ ይዘሽ በዚህ ሳምንት ወደ አካባቢሽ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የአቻ ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመስከረም የትኛው ክፍል እንደሚገቡ፣ የመግቢያ ፈተና ካለ በምን ቋንቋ እንደሆነ ጠይቂ። መልሱን በወረቀት ያዢ። ድሬ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ የትኛው ውስጥ እንደምታስገቢያቸው ከአሁኑ ብታውቂ ዕቅድሽ ይቀላል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ የቤቱን ትምህርት መሸጋገሪያ አድርጊው። የስምንት ወር ዕቅድ አውጪ። ከመስከረም በኋላ ያለውን ነሐሴ ላይ ልጆቹን አይተሽ ትወስኛለሽ።

አሁን ወደ ዕቅዱ። ሥርዓተ ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው የቀን ፕሮግራም ይመስለዋል። እኔ የማምንበት ሥርዓተ ትምህርት የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ ነሐሴ ሲያልቅ ልጄ ምን ማድረግ ይችላል? "ማድረግ ይችላል" የሚለው ላይ አስምሪበት። "አማርኛ ይማራል" ብለሽ አትጻፊ። "ለአያቱ አንድ ገጽ ተረት ጮክ ብሎ ያነብላታል፣ ያነበበውንም በራሱ ቃል መልሶ ይነግራታል" ብለሽ ጻፊ። ይኼኛው ሲሆን ይታያል፣ ሳይሆን ሲቀርም ይታያል። ለትንሿም "የ1ኛ ክፍልን መጽሐፍ ትጨርሳለች" አትበዪ። "አጭር ዓረፍተ ነገር አንብባ ያነበበችውን ትስላለች፣ የቤተሰቡን ሁሉ ስም ትጽፋለች፣ እስከ 100 በአማርኛ ትቆጥራለች" በዪ። ለእያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። አንድ ገጽ ላይ ጻፊና የምግብ ቁም ሣጥኑ ላይ ለጥፊው።

ከዚያ ገጽ ጋር የማይገናኘውን ያወረድሽውን ነገር ሁሉ አንድ ጥግ አስቀምጪው። አብዛኛው የተሠራው ለሌላ አገር ልጅ ነው። በረዶ የሚቆጥር፣ ርዝመት በኢንች የሚለካ፣ በዶላር ሳንቲም የሚደምር ነው። የመንግሥት መጻሕፍቱን ግን አትጣዪ። እነሱን የምትጠቀሚበት መንገድ ይለያል። ማውጫቸውን ፎቶ አንሺና በየወሩ መጨረሻ ላይ ተመልከቺው። "ይህን ነክተነዋል፣ ይህ ቀርቶናል" ለማለት ይረዳሻል። ከገጽ 1 ጀምረሽ እስከ መጨረሻው ለመሄድ ከሞከርሽ ግን 10 ዓመቱ ልጅሽ በሚያውቀው የሒሳብ ገጽ ይሰለቻል፣ በማያነበው የአማርኛ ገጽ ያለቅሳል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ንባብ።

ልጅሽ ማንበብ ይችላል። የሚያነበው በፈረንሳይኛ ነው እንጂ ይችላል። ምልክት ድምፅ እንደሚወክል፣ ድምፅ ከድምፅ ተያይዞ ቃል እንደሚሆን፣ ከቃሉ ጀርባ ነገር እንዳለ ያወቀ ልጅ ያንን እውቀት ወደ ሌላ ቋንቋ ይዞት ይሄዳል። የጎደለው የፊደሉ ቁልፍ ብቻ ነው። ይህን ለእሱም ንገሪው፣ በዚሁ ቃል። አማርኛ ደግሞ ለአንባቢ የዋህ ቋንቋ ነው። ፈረንሳይኛ ቃሉ መጨረሻ ላይ የማይነበብ ፊደል ይከምራል። የእኛ የተጻፈው ይነበባል።

"231 ፊደል አለ" ብለሽ አታስደንግጪው። 33 ቤት በሰባት ነው። ለ10 ዓመት ልጅ ሕጉን አሳዪው። የፊደል ገበታውን ዘርጊና "ሉ፣ ሙ፣ ቡ፣ ቱ ላይ ምን ተጨመረ?" በዪው። በቀኝ ወገቡ ላይ ቅጥያ እንደሚወጣ ራሱ ያገኘዋል። ሊ፣ ቢ፣ ቲ ላይ ቅጥያው ወደ ግርጌ ይወርዳል። ሌ፣ ቤ፣ ቴ ላይ ግርጌው ቀለበት ይሆናል። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ በዚህ መንገድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይያዛሉ። ከዚያ ሕግ የሚያፈርሱትን ይፈልግ፤ ሩ እና ፉ ለምን እንደ ሌሎቹ አልሆኑም? ሳድስና ሳብዕ አመለኞች ናቸው፣ እነሱን በቃል በቃል እየያዘ ይሂድ። እንዲህ ያለውን ሥራ የ10 ዓመት ልጅ ይወደዋል። ምሥጢር የሚፈታ ነው የሚመስለው።

አንድ የቆየ ዘዴም ልጨምርልሽ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ከወረደ በኋላ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞን ይቀጥላል። እዚያ ላይ ቤቱም ረድፉም ይደበላለቃል። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይታወቃል፣ ቅርጹን ያወቀው ይቀጥላል። ሃይማኖትሽ ምንም ይሁን ምን ዘዴውን ውሰጂው። ልጅሽ ገበታውን ተወጣሁት ባለ ማግስት ፊደሎቹን በትንንሽ ካርቶን ላይ ጽፈሽ በውዢበት።

ትንሿ ሌላ ናት። በፈረንሳይኛም ማንበብ የጀመረችው ገና ነው። ለእሷ ገበታ አትዘርጊ። አምስት ቤት ምረጪ፦ ለ፣ መ፣ በ፣ ተ፣ አ። ከእያንዳንዱ ግዕዙን፣ ራብዑንና ሳድሱን ብቻ ውሰጂ። 15 ቅርጽ ነው። በእነዚህ 15 ቅርጾች ስንት ቃል እንደሚወጣ ተመልከቺ፦ አባባ፣ እማማ፣ አባት፣ እናት ግን አይወጣም፣ ላም፣ ላባ፣ ላብ፣ አበባ፣ ማታ፣ አመት፣ በላ፣ ታመመ፣ መብላት። "አባባ ማታ አልበላም" ብለሽ ጽፈሽ ብታሳያት ሙሉ ወሬ ነው። ለምን አልበላም? ታመመ? አንድ ሳምንት በተማረችው ፊደል የሚያስጨንቃት ነገር አነበበች ማለት ነው። ሀ ሁን እስከ ፐ ድረስ እስክትጨርስ ብትጠብቂ ግን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር የምታነበው ሰኔ ላይ ነው። በሁለተኛው ወር ነ፣ ረ፣ ሰ፣ ከ፣ የ ጨምሪላት፤ ያኔ "እናት"ም ትመጣለች። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ለአሁኑ ተያቸው፣ በቤተሰብ ስም ውስጥ ካልገቡ በቀር።

ሁለቱም የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። "አለ" ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? "ገና" በዓሉ ነው ወይስ አልደረሰም? እዚህ ላይ ነው ቤት ውስጥ አማርኛ ማውራታችሁ የሚጠቅመው። "ገና ገና ነው" ብለሽ ጻፊና ሁለቱንም ጠይቂያቸው። ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ ሳቅ ብሎ አስተካክሎ ያነበዋል። ይህን መምህር አላስተማራቸውም፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሻቸው።

የሚነበበውስ ከየት ይምጣ? ከቤት። እናትሽ ማታ ተረት ትንገራቸው። በማግስቱ ትልቁ መልሶ ይንገርሽ፣ አንቺ እሱ እንዳለው ጻፊ። ቃሉን አታሳምሪለት። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ያነበዋል። የራሱ አፍ ስለሆነ አይከብደውም። በሰኔ ወር በጅቡና በቀበሮዋ የተሞላ ደብተር ይኖራችኋል። ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ የንባብ መጽሐፍ ነው።

ባለቤትሽንም አትርሺው። መንገድ ላይ ስለሆነ ማስተማር አይችልም ብለሽ ያሰብሽ ይመስለኛል። ይችላል። መኪናውን ባቆመ ቁጥር በስልክ አንድ መስመር በአማርኛ ይላክ። "ደወሌ ደረስኩ። ንፋስ አለ።" "አዋሽ ነኝ። ሻይ ጠጣሁ።" ልጁ ያንብብ፣ ራሱ ይመልስ። ስህተት ቢኖረው አባቱ አያርመው፣ ዝም ብሎ ይመልስለት። ግድግዳ ላይ ካርታ ካለ አባታቸው ባለበት ላይ ምልክት ያድርጉ። የአባቱን መልእክት ለማንበብ የማይቸኩል ልጅ አላየሁም።

ሒሳቡ ላይ ብዙ አትጨነቂ፣ ግን ሦስት ወጥመድ አለ፣ እወቂው። የመጀመሪያው ነጠላ ሰረዝ ነው። በፈረንሳይኛ የተማረ ልጅ ለአስርዮሽ የሚጠቀመው ሰረዝን ነው። እኛ ሰረዝን ሺህ ለመለየት እንጠቀምበታለን። ስለዚህ 1,500 ብር የሚለውን አይቶ አንድ ብር ተኩል ቢልሽ አልተሳሳተም፣ የተማረውን ነው ያነበበው። ሁለተኛው ማካፈል ነው። ፈረንሳዮች አካፋዩን በቀኝ በኩል ነው የሚጽፉት፣ የእኛ መጽሐፍ በግራ ነው። ልጅሽ የ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ሲያይ ማካፈል የማይችል የመሰለው ምናልባት ለዚህ ነው። ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን ሥሪለት፣ መልሱ አንድ መሆኑን ይይ። ሦስተኛው የቁጥር ስም ነው። ፈረንሳይኛ 97ን "አራት ሃያ አስራ ሰባት" ብሎ ነው የሚጠራው። አማርኛ "ዘጠና ሰባት" ብሎ ይጨርሳል። ትንሿ በአማርኛ ስትቆጥር በፍጥነት ትቀድምሻለች። ትልቁ በሆዱ በፈረንሳይኛ ቢያሰላ ግን ተይው። ሁላችንም በጀመርንበት ቋንቋ ነው የምናሰላው።

ሰዓቱና የቀን መቁጠሪያው ራሱ ትልቅ የሒሳብ ትምህርት ነው። ጅቡቲና ድሬ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፣ አጠራሩ ግን በስድስት ሰዓት ይለያል። ስልካቸው 8 ሲል እኛ 2 እንላለን። የእኛ ወር 12ቱ 30፣ 30 ቀን ነው፣ ጳጉሜን አምስት ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። የየራሳቸውን ልደት ከፈረንጅ ወደ እኛ ይለውጡ። ከዚያ የአያታቸውን ልደት ወደ ፈረንጅ። ቅዳሜ ደግሞ ቀፊራ ገበያ ውሰጃቸው። የተወሰነ ብር ለትልቁ ስጪው፣ ዋጋ ይጠይቅ፣ ይጻፍ፣ መልሱን ይቁጠር። ትንሿ ሚዛኑን ታንብብ።

ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ጥበብ ብለሽ አትከፋፍዪ። በወር አንድ ነገር ይዛችሁ ዙሩበት። ድሬ ለዚህ የተመቸች ናት።

አንደኛውን ወር ለደቻቱ ወንዝ ስጡት። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ይሄድበታል። ታዲያ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ የሚመጣው ከየት ነው? ይህን ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸውና መልሱን አትንገሪያቸው። አንገታቸውን ወደ ደቡብ ቀና ያድርጉ፣ የሐረርጌን ተራራ ይዩ። ዝናቡ እዚያ ይዘንባል፣ ቁልቁለቱ ያፈጥነዋል፣ እኛ ግርጌው ላይ ነን። ትሪ ላይ አሸዋ ከምራችሁ ከላይ ውሃ አፍስሱ። አንዴ ባዶውን፣ አንዴ ሣር ተክላችሁበት። ልዩነቱን ይሣሉት። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እናትሽ ያን ጊዜ እዚህ ከነበረች ልጆቹ ሳይጠይቋት በፊት አንቺ ለብቻዋ ጠይቂያት። መናገር ከፈለገች ትናገር። ካልፈለገች ይቅር።

ሌላውን ወር ለባቡሩ። ይህ የልጆችሽ የራሳቸው ታሪክ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬ የደረሰው በፈረንጆች 1902 ነው። ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፣ ተራራው ከበደ፣ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ቀረ። ከተማችን የተወለደችው በዚያ ምክንያት ነው፣ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ከጅቡቲ እስከዚህ 311 ኪሎ ሜትር ነው፣ እስከ አዲስ አበባ ጠቅላላው 784። የቀረው ስንት ነው? ይህ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በፈረንጆች 1917 ነው። ለምን 15 ዓመት ፈጀ? ይህኛው የሒሳብ አይደለም፣ እሱ ላይ ቁጭ ብላችሁ አውሩበት።

ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ አንድ ቀን ሐረር ውጡ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ያዙ፣ ድሬ ላይ አንብቡት፣ ደንገጎ ላይ አንብቡት፣ ሐረር ላይ አንብቡት። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። አየሩ ከፍ ባለ ቁጥር ለምን ይበርዳል የሚለውን ጆሯቸው ሲደፈን ይጠይቁሻል። ጀጎል ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ግንብ እያያችሁ ከአንዱ በር እስከ ሌላው በእርምጃ ለኩ። አምስቱን የጥንት በሮች ስማቸውን ይጻፉ፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ትንሿን ደግሞ የሐረሪ ስፌት ፊት አቁሚያት። ጌጡ ከመሃል ተነስቶ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ትቁጠር፣ ቤት ስትመለስ ትሣለው። ሁሉንም ላሳያቸው ካልሽ ደክሟቸው ምንም አይተው አይመለሱም።

ስለ ሰፈሩ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። ልጆችሽ ውጭ ወጥተው ከሚጫወቱት ልጆች ብዙዎቹ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ይናገራሉ። ሁለቱም የሚጻፉት ልጆችሽ በሚያውቁት በላቲን ፊደል ነው። ድምፁ ግን ይለያያል። ኤክስ የምንለው ፊደል በቁቤ "ጠ" ነው፣ በሶማሊኛ "ሐ" ነው። ሲ በቁቤ "ጨ" ነው፣ በሶማሊኛ "ዐ" ነው። ትልቁ ልጅሽ የሱቅ ማስታወቂያዎችን እያየ ይህን ይሰብስብ። እንግሊዝኛ እዚህ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚሰጥ በቀን 15 ደቂቃ ስጪው፣ በጆሮ ይጀምር። ፈረንሳይኛውን ግን አደራ። ልጅ የማይጠቀምበትን ቋንቋ በፍጥነት ይጥላል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ 20 ደቂቃ ያንብቡ። ድሬ ላይ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ አለ፣ ሄደሽ ጠይቂ።

ጊዜውን እንዲህ ብታደርጊው ይሻላል። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ። ቀትር ላይ ድሬ ራሷ ታርፋለች፣ እናንተም እረፉ። ማታ የአያት ተረት። በሳምንት አራት ቀን ትምህርት፣ አንድ ቀን ውጭ። ጅቡቲ የሚታረፈው ዓርብና ቅዳሜ ስለነበር እሑድ ላይ ግራ ቢጋቡ አትገረሚ። አባታቸው ቤት በገባ ቀን ደግሞ ትምህርት የለም። መንገድ ሲወጣ ይካካሳል። ቤት ማስተማር ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፣ ተጠቀሙበት። ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆች ጋር ይውጡ። በስምንት ወር ውስጥ ጓደኛ ያላፈራ ልጅ መስከረም ላይ ክፍል ሲገባ ፊደል ቢያውቅም ይከብደዋል።

ፈተና አትፈትኛቸው። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ሲያነቡ በስልክሽ ቅጂ። የጥር ወሩን ከመጋቢቱ ጋር አብራችሁ ስሙት። ቀን የተጻፈበት ሥራቸውን አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጪ፣ መስከረም ላይ ለትምህርት ቤቱ የምታሳዪው እሱን ነው። ቀይ እስክሪብቶ ቤት ውስጥ አይግባ። በሳምንት አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ አርሚ። በዚህ ሳምንት ሳድሱን ከሆነ ሳድሱን። ሌላው ይጠብቅ። ሦስት ሳምንት ሞክራችሁ ያልሄደ ነገር ካለ ደግሞ ልጁን አትውቀሺ፣ ዘዴውን ቀይሪ።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ሳምንት ምንም አታስተምሪ። ልቅሶው ይርሳቸው። በዚያ ሳምንት ውስጥ ወንዱን ልጅሽን ከእናትሽ ጋር ወደ ከዚራ ሰፈር ላኪው፣ ወደ ድሮው ለገሃር። ለገሃር የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ ጣቢያው ማለት ነው። ይህን ንገሪውና ይሂድ፣ ደስ ይለዋል። ጣቢያው ፊት ላይ በትልልቁ ፈረንሳይኛ ተጽፏል። ለአያቱ ያንብብላት። "ሼማን ደ ፌር" ምን ማለት ነው ብላ ትጠይቀው። "የብረት መንገድ" ይላታል። እሷም እኛ "ምድር ባቡር" ነው የምንለው ትበለው። ቤት ሲመለስ የመጀመሪያ የአማርኛ ደብተሩ ላይ ያንኑ በእኛ ፊደል ይጻፍ፣ አንቺ ገበታውን ብቻ ያዢለት፦ ሼ፣ ማ፣ ን፣ ደ፣ ፌ፣ ር። ቀኑን ከሥሩ ይጻፍበት።